አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሽንኩርት

ነገሩን ሁሉ ያመጣው አንድ ቃል ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ፣ መምህርቷ ልጆቹን ተራ በተራ «ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠራላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ኳስ እጫወታለሁ አለ። አንዷ እናቴን በሥራ አግዛለሁ ብላ ዋሸች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና ያልተተኩላት ልጅ ግን ተነሥታ፣ እጆቿን ከኋላ አጣምራ፣ «አያቴ ይሰቅለኛል» አለች።

«ምን ያደርግሻል?»

«ይሰቅለኛል። ከዚያ ይጽፋል። ከዚያ ያወርደኛል።»

የመምህርቷ ጠመኔ ከእጇ ወደቀ። «ያምሻል?»

«አያምም። ግን እግር ማወዛወዝ አይፈቀድም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በእረፍት ሰዓት ነገሩ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ፤ ርዕሰ መምህሩ ሳይውል ሳያድር ለአካባቢው የሕፃናት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ደወለ። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣችው ባለሙያ መምህርቷን አስቀምጣ ልጅቷ ያለችውን ቃል በቃል ጽፋ ስትጨርስ ትምህርት ቤቱ ለምሳ ተለቅቆ፣ ልጅቷም ወደ ሰቃይዋ ቤት ሄዳ ነበር።

ሰቃዩ አያት በሰፈሩ ጋሽ ሚዛን ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ሥራቸው እየዞሩ የነጋዴውን ሚዛን በነሐስ የሚዛን ድንጋይ መፈተን፣ ልክ ከሆነ ማኅተም መምታት፣ ካልሆነ ማሸግ ነበር። ጡረታ ቢወጡም አመሉ አልወጣላቸውም። ዳቦ ሲገዙ በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አድርገው «ሃያ ግራም ይጎድለዋል» ይላሉ፤ ዳቦ ሻጩም ከሩቅ ሲያያቸው በድንገት ምሳ ሰዓት ሆኖበት ይዘጋል።

ልጅቷ የሴት ልጃቸው ልጅ ናት። እናቷ የመንገድ ቀያሽ ስለሆነች ሩቅ ካምፕ ውስጥ ትኖራለች፤ የምትመጣው በወር አንዴ ነው። አያትዬው ልጅቷን «ግራም» ይሏታል፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ «ግራሜ»። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ፣ በተረከቧት ሳምንት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ካርዷን አይታ «ትንሽ ቀጠን ብላለች፤ ክብደቷን ይከታተሉ» አለቻቸው። ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ በየምሳው አንድ ጭልፋ ይጨምር ነበር። ጋሽ ሚዛን ግን ታዘዙ። ከሳሎናቸው ማገር ላይ መስቀያ ብረት መቱ፤ ሃያ አምስት ኪሎ የሚችል ተንጠልጣይ ሚዛን አንጠለጠሉበት፤ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሁለት የእግር ቀዳዳ ያለው የሸራ መታዘያ ሰፋችላቸው። በየቅዳሜው፣ ከቁርስ በፊት፣ ልጅቷ በቅዳሜ ቀሚሷ ትገባለች፣ ቀስቱ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ የቀሚሱ ሦስት መቶ ግራም ይቀነሳል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። በእሳቸው ሙያ ደግሞ «መዝን» የሚባል ትእዛዝ የለም። «ስቀል! አንብብ! አውርድ!» ነው የሚባለው። ልጅቷ የተናገረችው የሰማችውን ነው።

ይህን ሁሉ ትምህርት ቤቱ አያውቅም። የትምህርት ቤቱን ጉድ ደግሞ ጋሽ ሚዛን አያውቁም። ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ ተረጋግተው ነው ያነሡት።

«ከሕፃናት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ነው። ስለ ልጅቷ ደኅንነት ጥቆማ ደርሶናል። ሁለታችሁም ቤት አላችሁ?»

«አለን። ምን ዓይነት ጥቆማ?»

«ፊት ለፊት እንነጋገራለን፣ አባባ። በአንድ ሰዓት ውስጥ እደርሳለሁ።»

ስልኩን አስቀመጡ። ልጅ የሚወስዱ ሰዎች ናቸው ሲባል ሰምተዋል፤ ከዚያ በላይ ስለ እነሱ የሚያውቁት ነገር የለም። ሮጠው የሄዱት፣ ወይም በሰባ አንድ ዓመት ሩጫ የሚባለውን አድርገው የሄዱት፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ነው።

ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ ሦስት ስፒል ይዛ ሰማቻቸው። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣች።

«ጋሼ፣ ሚዛኑ ነው!»

«ሚዛኑ ምን አደረገ? ልኩ አንድም ቀን አልተዛባ።»

«የልኩን ነገር ይተዉት! ልጅ እንደ ከረጢት አንጠልጥሎ የሚመዝን ሰው ቢያዩ ምን ይላሉ? አበደ ነው የሚሉት። መታዘያውን የሰፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም!»

«አንቺ ለክተሽ፣ አንቺ ቆርጠሽ፣ ምንም አላውቅም?»

«ሚዛኑን ያምጡት። ደብተሩንም። እኔ ጨርቅ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ልጅቷን ደግሞ ያስጠኗት!»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ጋሽ ሚዛን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሚዛን የሚደብቅ ነጋዴ ሲያሳድዱ ኖረው፣ ያን ዕለት ሚዛናቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ግቢ አቋረጡ። ከዚያ ወለሉን ጠረጉ፣ መጋረጃውን አራገፉ፣ ልጅቷን ከነትምህርት ቤት ልብሷ ወንበር ላይ አቁመው አስጠኗት።

«ስለ ሚዛኑ ምንም አይወራም። እሺ፣ ግራሜ?»

«ብትጠይቀኝስ?»

«አልናገርም ትያለሽ... አይ፣ እንደዚያም አትበዪ። ብቻ ዝም።»

ባለሙያዋ በሰዓቷ መጣች። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ብዙ የሚራመድ ሰው ጫማ ያደረገች፣ ጠንካራ ልባስ ያለው ፋይል በብብቷ የያዘች ሴት ናት። እንደ ገባች ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ አራቱ ማዕዘን ነው፤ ከዚያ ወደ ወለሉ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው። ጋሽ ሚዛን ይህን አካሄድ ያውቁታል፤ የራሳቸው ነበር። «ይህች ሥራዋን ታውቃለች» ብለው አሰቡና የባሰ ፈሩ።

ገና እጅ ሳይጨባበጡ ልጅቷ መሐል ቆማ ትንፋሽ ሳትወስድ ለቀቀችው፦

«አያቴ-በጣም-ይወደኛል-በቀን-ሦስት-ጊዜ-እበላለሁ-በጊዜ-እተኛለሁ-ቤታችን-ሚዛን-የለም!»

«ስለ ሚዛን የጠየቀሽ ሰው አለ?» አለች ባለሙያዋ፣ በለስላሳ ድምፅ።

ልጅቷ ወደ አያቷ ዞረች። «አባዬ፣ ይሄኛውን ነበር አይደል ዝለዪው ያልከኝ?»

ባለሙያዋ አልሳቀችም። ቤቱን እንድታይ ፈቃድ ጠየቀች። ወጥ ቤቱን አየች፤ ቢላዎቹ ከፍ ብለው በቁመታቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈዋል። የልጅቷን አልጋ አየች። ከአልጋው ራስጌ መደርደሪያ ላይ አንድ የከረሜላ ቆርቆሮ አገኘችና ከፈተችው።

«ይህ የማን ነው?»

«የደም ግፊት ክኒኔ ነው። ዕቃው በደንብ ይገጥማል፤ እርጥበት አያስገባም» አሉ፣ ትንሽ ኮራ ብለው።

«ላዩ ላይ የከረሜላ ሥዕል አለ፣ አባባ።»

ጋሽ ሚዛን ቆርቆሮውን አዩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሲከፍቱት ሥዕሉን አይተውት አያውቁም። ባለሙያዋ ቆርቆሮውን ልጅ የማይደርስበት ቁም ሣጥን ላይ አወጣችና ፋይሏ ላይ አንድ መስመር ጻፈች።

ከዚያ ከልጅቷ ጋር ለብቻ መነጋገር እንዳለባት ነግራቸው ልጅቷን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። በመስኮት ይታያሉ፤ አይሰሙም። ልጅቷ ስትጠየቅ ትከሻዋን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ትከድናለች። «ጎበዝ፣ ግራሜ» አሉ ጋሽ ሚዛን በሹክሹክታ። ባለሙያዋ ስትመለስ ግን ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«አባባ፣ ልጅቷ ስለ ቅዳሜ ስጠይቃት "አልናገርም ተብያለሁ" አለችኝ። ልጅ ከመርማሪ ምስጢር ጠብቅ ሲባል ነው እኛ በጣም የምንደነግጠው።» ቀና አለች። «ያ መስቀያ ለምንድን ነው?»

ሁለቱም ማገሩን አዩት። ጋሽ ሚዛን ሚዛኑን ደብቀዋል፤ ብረቱን ረስተዋል። በዓመት ከመንፈቅ መወዛወዝ ተፈግፍጎ እንደ ብር ያበራል።

«ለ... ለሽንኩርት ነው።»

«ሽንኩርት ትሰቅላላችሁ?»

«በከረጢት። አየር እንዲያገኝ።»

«ስንት ኪሎ ያህል?»

እዚህ ላይ ጋሽ ሚዛን «እንጃ፣ አሥር፣ አሥራ አምስት» ቢሉ ኖሮ ምናልባት ያልፍ ነበር። ግን በዕድሜያቸው ሙሉ ስለ ክብደት ተጠይቀው «ያህል» ብለው አያውቁም። አፋቸው ራሱ ተከፈተና፦

«አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም» አለ።

ባለሙያዋ ፋይሏን ገለጠች። የትምህርት ቤቱን የጤና ካርድ ቅጂ አየች። ፋይሉን ዘጋች።

«ሽንኩርቱ ስንተኛ ክፍል ነው?»

ጋሽ ሚዛን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«አባባ፣ በግልጽ ልንገርዎት። ልጅቷ ክፍል ውስጥ "አያቴ ይሰቅለኛል" ብላለች። እኔም ስመጣ መስቀያ፣ የተጠና ንግግርና የሚዋሽ አያት አገኘሁ። የሚያስረዱኝ ነገር ካለ አሁን ነው። ከሌለ ልጅቷ ዛሬ እዚህ አታድርም።»

ጋሽ ሚዛን ቃሉ ገና አሁን ገባቸው። «ስቅላት?» አሉ። «እኔ? ግራሜን?» ከዚያ ተነሥተው በመስኮት በኩል ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኹ፦ «አንቺ! ሚዛኑን አምጪ!»

የልብስ ሰፊዋ ቤት ግቢውን አልፎ ነው፤ እሷ ግን በሦስት ሰከንድ ገባች። በሩ ሥር ቆማ ስታዳምጥ ነበር። ሚዛኑን በአንገቷ አንጠልጥላዋለች፣ መታዘያው በእጇ ነው፣ ደብተሩ በብብቷ።

«ባለሥልጣን ፊት ቆሜ አልዋሽም» አለች ማንም ሳይጠይቃት። «የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስፌቱ ድርብ ነው። ቢፈልጉ ይጎትቱት!»

ባለሙያዋ ጎተተችው። ድርብ ነበር። ሚዛኑን ገልብጣ አየችው። ወደ ብረቱ ቀና ብላ «ስንት ይችላል?» አለች።

«ሰባ ሁለት ኪሎ ፈትኜበታለሁ። በራሴ። በእጄ ተንጠልጥዬ።»

«እውነት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ሁለት ቀን ትከሻቸውን ያሸሁት እኔ ነኝ።»

የባለሙያዋ ከንፈር ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልለቀቀችውም። ደብተሩን ወሰደችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። ሰባ ሰባት ቅዳሜ፣ ሰባ ሰባት ቁጥር፣ አንድም ስርዝ የለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ጣቷ ቆመ።

«እስከዚህ ድረስ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጉንፋን ሲይዛት ይቀንሳል፤ የልጅ ነገር ነው። ካለፉት ስድስት ሳምንታት ወዲህ ግን በየሳምንቱ ይጨምራል። ቀጥ ብሎ።»

«አዎ» አሉ ጋሽ ሚዛን በኩራት። «ተስማማት።»

«ልጅ ቀጥ ብሎ አያድግም፣ አባባ። እስቲ አሁን ይመዝኗት፤ እኔም ልይ።»

ይህን ስትሰማ ልጅቷ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ዛሬ ሐሙስ ነው!»

«ትፈሪያለሽ?» አለች ባለሙያዋ ዝቅ ብላ።

«አልፈራም። አልተዘጋጀሁም።»

«ለመመዘን ምን ዝግጅት ያስፈልጋል?»

ልጅቷ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የጫማዋን ጫፍ አየች። አያቷ አንሥተው መታዘያው ውስጥ አስገቧት። ቀስቱ ተወዛወዘ፤ ረጋ። ጋሽ ሚዛን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አጠለቁ። የትምህርት ቤት ልብሷን አራት መቶ ሃያ ግራም ቀነሱ። አሥራ ስምንት ኪሎ ከስድስት መቶ።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል!» አሉ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን አድርገሽው ነው? ጥለሽዋል!»

«እኔ ልጣል እንጂ አልጣልኩትም!»

«ሰባት ግራም ቢሆን እሺ! ስምንት መቶ ግራም በአምስት ቀን ይጠፋል?»

ሚዛን ሲጠረጠር የሚደረገው አንድ ነገር ነው። ከአልጋቸው ሥር የእንጨት ሣጥናቸውን ጎትተው አወጡ፤ ከጡረታ ወዲህ ለሥራ ያልተከፈተውን። ውስጡ በቀይ ከፋይ የተለበጠ ነው፤ እያንዳንዱ የነሐስ ድንጋይ በልኩ በተቦረቦረ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። ከፈቱት። ሦስት ጎድጓዳ ባዶ ነው፦ የአምስት መቶው፣ የሁለት መቶው፣ የመቶው።

ደምረውታል። ሁሉም ደምረውታል፤ ልብስ ሰፊዋ እንኳ በጣቷ።

«ግራም» አሉ ጋሽ ሚዛን።

ልጅቷ ገና ተንጠልጥላ ነበር። «አውርደኝና አመጣቸዋለሁ» አለች።

ወረደች። ጓዳ ገብታ የቅዳሜ ቀሚሷን ይዛ ወጣች። ከውስጥ በኩል፣ ወገቡ ላይ፣ ጥሩ ሆኖ የተሰፋ ኪስ ነበረው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ እንደ ተማረችው።

«ኪሱን ማን ሰፋልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ጭንቅላቷን ይዛ «የመሐረብ ነው ብላኝ!» አለች።

«መጀመሪያ መቶውን ብቻ ነው ያስገባሁት» አለች ልጅቷ። «ከዚያ በየሳምንቱ ከሁለት መቶው ጋር እያቀያየርኩ ጨመርኩ። አምስት መቶውን ያስገባሁት ሌሎቹ ሳይበቁ ሲቀሩ ነው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቱን ሰላቢ ነጋዴ በዓይኑ ቅንድብ የለዩት ሰው፣ በራሳቸው ድንጋይ፣ በራሳቸው ሚዛን፣ በራሳቸው ሳሎን ተበሉ።

«ለምን?» አለች ባለሙያዋ። ልጅቷ የምታየው ግን አያቷን ነበር።

«አባዬ፣ ለእትዬ "ይህች ልጅ ክብደት ከቀነሰች እናቷ ወደ ካምፕ ትወስዳታለች" ስትላት ሰማሁ። እኔ ካምፕ አልሄድም። እናቴ ናት እዚህ የምትመጣው።»

ጋሽ ሚዛን ይህን ያሉት በሳቅ ነበር፣ ልብስ ሰፊዋ ለልጅቷ ቀሚስ ስትለካ፤ መቼ እንደሆነ እንኳ አያስታውሱም።

ባለሙያዋ ግን ገና አልጨረሰችም። «እሺ። ያልገባኝ ሌላ ነገር አለ። ለምንድን ነው የቀነስሽው?»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ልክ ግቢው ውስጥ እንዳደረገችው።

«በየትኛው በኩል ነው የሚያምሽ?» አለች ባለሙያዋ።

ቀኝ እጇ ተንቀሳቀሰና ጉንጯ ላይ አረፈ።

መንጋጋ ጥርሷ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጠንከር ያለውን ምሳዋን ለዴስክ ጓደኛዋ ስትሰጥ ኖራለች፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አያቷ ጀርባቸውን ሲሰጡ ሳታኝክ ትውጣለች። ያልተናገረችው የጥርስ ሐኪም ፈርታ ነው። ጋሽ ሚዛን በየቅዳሜው ግራሟን ሲያነቡ አንድ ቀን እንኳ «አፍሽን ክፈቺ» አላሏትም።

«አይቻታለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «በየሳምንቱ አይቻታለሁ።»

«ሚዛኑን ነው ያዩት፣ አባባ» አለች ባለሙያዋ። ክፋት የለበትም አነጋገሯ፤ ግን አላለሳለሰችውም።

እዚያው እናቷ ዘንድ ደወለች። እናትዬው ከወዲያ ጫፍ መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ የሚዛኑ ነገር ሲነገራት ሳቋ ስልኩን አልፎ ሳሎኑን ሞላው። ልጅቷንም «ማንም ወደ ካምፕ አይወስድሽም» አለቻት። ባለሙያዋ ለመምህርቷም ደወለች፤ «ስቅላት» የሚለው «ምዘና» በሚለው ይታረም አለች። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ጻፈች። ክብደቷን ከእንግዲህ ጤና ጣቢያው በወር አንዴ ይይዘዋል። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው የጥርስ ክፍል ይጠብቃታል፤ ቀጠሮው ተይዟል።

«ልጄ...» አሉ ጋሽ ሚዛን፣ ቀና ብለው ሳያዩ። «ትቆያለች?»

«የዛሬን ትቆያለች። የነገው ቀጠሮ ግን እንዳይቀር። ጥርሷ ካልታየ ሰኞ እመለሳለሁ፤ ያኔ የምንነጋገረው ስለ ሽንኩርት አይሆንም።»

ዓርብ ጠዋት ባለሙያዋ የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የጥርስ ሐኪሙ ሰፊ እጅ ያለው፣ ድምፁ ቀጭን ሰው ነው። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ጀርባዋን ደገፈች፣ አፏን እንደ ካዝና ዘጋች።

«አአአ በዪ የኔ እናት።»

«ም-ም።»

ሐኪሙ ለመነ። ባለሙያዋ በጨዋታ ሞከረች። ጋሽ ሚዛን ተቆጡ፣ አባበሉ፣ አሻንጉሊት ቃል ገቡ። «ም-ም።» ሩብ ሰዓት አለፈ። ውጭ ሌሎች ታካሚዎች ይጠብቃሉ፤ ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ጋሽ ሚዛን ወደ ባለሙያዋ ዞር አሉ፤ ፋይሏ ገና አልተከፈተም፣ እስክሪብቶዋ ግን በእጇ ነው።

ልጅቷን አንሥተው ከወንበሩ አወረዷት። ኮታቸውን አወለቁና ራሳቸው ወጡበት።

«እኔን እይልኝ» አሉት ሐኪሙን።

«አባባ፣ ቀጠሮው የልጅቷ ነው።»

«እይልኝ አልኩህ! እሷ ትይ።»

አፋቸውን ከፈቱ። ሐኪሙ መብራቱን አስተካክሎ ገባ፤ ቆየ፤ «ኧረ!» አለ፤ ሌላ መሣሪያ አነሣ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ይህ የሚያምዎት?»

«አያመኝም» አሉ በተከፈተ አፍ፤ የወጣው ግን «አ-አ-ኝ» ነው።

ሐኪሙ በመሣሪያው ጫፍ ጠቅ አደረገ። ጋሽ ሚዛን ከወንበሩ አንድ ስንዝር ተነሡ።

«ሦስት ናቸው» አለ ሐኪሙ። «አንዱ ዛሬውኑ ይነቀላል።»

ልጅቷ ወደ ወንበሩ ተጠግታ አያቷን ከላይ ወደ ታች አየቻቸው፤ የተናደደች ትመስላለች።

«ደብቀህ ነው?» አለች።

«...ትንሽ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

ባለሙያዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ የአያቷን አውራ ጣት ያዘች፣ ሐኪሙ መርፌውን ሲያነሣ እሷ ዓይኗን ጨፈነችላቸው፣ ጥርሱ ወጥቶ ሳህን ላይ ቅጭል ሲል ግን አንገቷን ሰግጋ አየችው።

«አለቀ?»

«አለቀ» አለ ሐኪሙ።

«በቃ ውረድ፣ አባዬ። ተራው የኔ ነው።»

ጋሽ ሚዛን ጥጥ ነክሰው ወረዱ። ልጅቷ ወጣች፣ ጀርባዋን ደገፈች፣ እጇን ዘርግታ እንዲይዟት ጠበቀች፣ ከዚያ ሐኪሙ እስኪደነግጥ ድረስ አፏን ከፈተች።